«ሰው አያየውም» ብላችሁ አትዝጉት

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ «የእሑድ ማታው ፕሮግራም ይዘጋ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ እኔ አንድም ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ማዳም የፈቀደችልኝ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ እሑድ ደግሞ ሰርቪስ እንደልብ አይገኝም። መንገድ ላይ ግን ስብሰለሰል ሄድኩ። ቤት ገብቼም ሰሃን እያጠብኩ ብቻዬን ስመልስ፣ ስከራከር አመሸሁ። ያን መልስ ነው አሁን የምጽፈው። አዘጋጆቹ «አጠር አድርጊው» ብለውኛል፤ አላጠረልኝም።

የተባለው ይህ ነው። ፕሮግራሙ በስልክ በቀጥታ ሲተላለፍ የሚከታተለው ሰው ሰላሳ አይሞላም። ባለፈው እሑድ 27 ነበር፣ ከዚያ በፊት 22። ለኢንተርኔት በየወሩ ከመዋጯችን ይወጣል። አራት ልጆች የዕረፍት ቀናቸውን ይሰዉበታል። ስለዚህ ገንዘቡም ጉልበቱም ለሌላ ነገር ይዋል ተባለ። ገንዘብ ያዧ እህታችን ይህን ስትል በክፋት አይደለም። እሷ ባትቆጥብ ኖሮ በክረምቱ የታመመችውን ልጅ በምን እናሳክማት ነበር? ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከተናገረችው ከአንድ ነገር ጋር ነው። «ትልልቆቹ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንኳ ሰው ያላየውን ይዘጋሉ፣ እኛ ምን ስለሆንን ነው የምንቀጥለው?» አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

እህቶቼ፣ ይህ ልክ አይደለም። ጣቢያዎች ሰው ያላየውን ሁሉ አይዘጉም። ብዙ ሰው የሚያየውንም የሚዘጉበት ጊዜ አለ። እንዲያውም ሰው ከማያየው አንዳንዱን እያወቁ፣ ሒሳብ ሠርተው ነው ለሌላ ዓመት የሚያስቀጥሉት።

አንቺ በምን አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ስለ መገናኛ ብዙኃን ነው። ፈተና ሲደርስ ጥያቄ የተጻፈባቸውን ካርዶች እኔ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፤ ስትሳሳት ካርዱን ገልብጬ አሳያታለሁ። እንግሊዝኛውን ከአስረኛ ክፍል ይዤው በመጣሁት እየተንተባተብኩ አነባለሁ፣ ያልገባኝን በዓረብኛ ታስረዳኛለች። እሷ ፈተናዋን አለፈችና ረሳችው። እኔ አልረሳሁትም። መብራት ጠፍቶ ሞተሩም ሲዘጋ በጨለማ ሌላ ምን አለኝ የማስበው? የገረመኝን ማታ ማታ ስልኬ ላይ እየፈለግኩ አነበብኩ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

በ1982 አሜሪካ ውስጥ ኤንቢሲ የሚባለው ጣቢያ «ቺርስ» የሚል አስቂኝ ድራማ ጀመረ። ቦስተን ከተማ ባለ አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ስለሚጫወቱ ሰዎች ነው። በመጀመሪያው ዓመት በተመልካች ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘ። የእኛ ስብሰባ ቢሆን በሦስተኛው ወር ቀብረነው ነበር። ኤንቢሲ ግን ለሁለተኛ ዓመት አስቀጠለው። ደግ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ያኔ ኤንቢሲ ራሱ ከሦስቱ ትልልቅ ጣቢያዎች መጨረሻ ላይ ነበር፤ ቢዘጋው በቦታው የሚያስገባው የተሻለ ነገር በእጁ የለም። ሥራው ደግሞ ጥሩ እንደሆነ አለቆቹ አይተዋል፤ በ1983 ኤሚ የሚባለውን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። እንዲህ እያለ 11 ዓመት ሄደ። በ1993 የመጨረሻው ክፍል ሲታይ የተመለከተው ወደ 80 ሚሊዮን ሰው ነው።

«በቦታው የሚገባው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እኛ ስብሰባ ላይ ማንም አልጠየቀም። እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የእኛ ፕሮግራም ባይኖር ምን ይኖራል? እኔ ልንገራችሁ፦ እያንዳንዳችን አልጋችን ላይ ተጋድመን ቲክቶክ ላይ የሰው ሠርግና የሰው ጠብ ስናይ እናመሻለን። ያን የምታወግዝ መስሏችሁ እንዳትጣሉኝ፣ እኔም አያለሁ። ግን ያ የእኛ አይደለም፤ ኮንትራት ላይ ስለተጻፈው ደመወዝ አንድ ቃል አይነግረንም።

ሌላም አለ። «ሳይንፌልድ» የሚባለው በ1989 ለሙከራ ሲታይ፣ አስቀድመው ያሳዩአቸው ሰዎች አልወደዱትም። ተስፋ የለውም ተባለ። በ1990 አራት ክፍል ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ፤ እሱም የድራማ ክፍሉ በጀት ስላልነበረው፣ የልዩ ዝግጅቶች ኃላፊ የነበረ አንድ ሰው ከራሱ ክፍል በጀት ቆርሶ ስለሰጠ ነው። አራት ክፍል! ስምንት ዓመት ቆይቶ ሲያልቅ ግን አሜሪካ ውስጥ ከ70 ሚሊዮን በላይ ሰው መጨረሻውን አየ። እዚህ ላይ የምወደው ሰውየውን ነው። ከሚስቅበት ሰው መካከል ቆሞ ከራሱ ድርሻ የቀነሰውን።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ቁጥር ሲባል ሁላችንም እንደነግጣለን፣ ቁጥር የማይዋሽ ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ ከ1950 ጀምሮ የቴሌቪዥን ተመልካች የሚቆጥረው ኒልሰን የሚባል ድርጅት ነው። የሁሉንም ቤት አይቆጥርም፤ የተወሰኑ ቤቶችን መርጦ ከእነሱ ተነሥቶ የሌላውን ይገምታል። ጣቢያዎቹ ደግሞ የሚሸጡት ማስታወቂያ ስለሆነ፣ ከቆጠሩ በኋላም «ስንት ሰው?» ብቻ ብለው አያቆሙም፤ «የትኛው ሰው?» ይላሉ። ለረጅም ዘመን አስተዋዋቂዎች በጣም የሚፈልጉት ከ18 እስከ 49 ዓመት ያለውን ነው። የ70 ዓመት አሮጊት ድራማውን አንድ ክፍል ሳታሳልፍ ብታየው ለእነሱ እንደ ግማሽ ሰው ነች።

በዚህ ምክንያት የተሠራ ግፍ አለ። ሲቢኤስ የሚባለው ጣቢያ በ1971 በገጠር ሰዎች ኑሮ ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞቹን ጠራርጎ አስወጣ። «ቤቨርሊ ሂልቢሊስ»፣ «ግሪን ኤከርስ»፣ «ሜይቤሪ»፣ «ሂ ሃው» የሚባሉት ሁሉ ሄዱ። አንዳንዶቹ ያኔም ገና ብዙ ሰው ያያቸው ነበር። ጥፋታቸው ተመልካቻቸው መሆኑ ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ የገጠር ሰው፣ ብዙ ዕቃ የማይገዛ ተብሎ ተገመተ። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ብትቆጠር ከየትኛው ወገን እንደምትሆን አውቄዋለሁ።

«ሂ ሃው» ግን አልሞተም። ሠሪዎቹ በየከተማው ላሉ ትንንሽ ጣቢያዎች በቀጥታ እየሸጡ ከሃያ ዓመት በላይ አስኬዱት። ትልቁ ቤት ቢያባርረውም ሰው አልተወውም።

እኛን ደግሞ እዩን። እኔ ሳሎን ውስጥ ልብስ ስተኩስ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው። የራመዳኑን ድራማ ከማዳም እኩል አይቻለሁ፤ እንዲያውም እሷ ስታንቀላፋ ያመለጣትን የምነግራት እኔ ነኝ። ግን በዚያ ቤት ስንት ተመልካች አለ ቢባል ማን እኔን ይቆጥረኛል? አራት ነን ይላሉ እንጂ አምስት አይሉም። እኛ ሳንቆጠር መኖር የለመድን ነን። የሚያናድደኝ ይህንኑ የእነሱን አቆጣጠር ይዘን መልሰን ራሳችን ላይ ማምጣታችን ነው።

ቆይ፣ 27 የተባለው ማን ነው? እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳን ይዛ መቀመጥ የቻለች ነች። ማለትም ውጭ ተከራይታ የምትኖር፣ ወይም ማዳሟ ቀና የሆነች። ቤት ውስጥ የምንኖረው ሁለት ሰዓት ላይ የት ነን? እራት እያቀረብን ነን! እሑድ ደግሞ ዘመድ የሚሰበሰብበት ቀን ነው፣ የእሑድን ሰሃን የማያውቅ የለም። ስልኳ ተወስዶ ማታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚሰጣትስ? ጭራሽ ስልክ የሌላትስ? የ2009ኙ ለቤት ሠራተኞች የወጣው የጋራ ውል በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ 24 ሰዓት ዕረፍት ይገባሻል ይላል። ስንቶቻችሁ አግኝታችሁታል? ያላገኘችው ነች ፕሮግራሙ የሚያስፈልጋት፤ ያላገኘችው ነች ያልተቆጠረችው። አያችሁ ነገሩን? የምንፈልጋትን ሴት የማያገኝ መቁጠሪያ ይዘን «የለችም» አልን።

ጣቢያዎቹ እንኳ ይህ ገብቷቸዋል። ሰው ፕሮግራም እየቀዳ በፈለገበት ሰዓት ማየት ሲጀምር፣ በዚያው ምሽት ብቻ የሚቆጠረው ቁጥር የትም እንደማያደርስ አዩ። ከ2007 ጀምሮ ጣቢያዎቹና አስተዋዋቂዎቹ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ዘግይቶ ያየውንም አብረው ይቆጥሩ ጀመር። «ዘ ኦፊስ» የሚባለውን አስቂኝ ድራማ ውሰዱ። በ2005 ስድስት ክፍል ታየ፣ የተመልካቹ ቁጥር ደካማ ነበር። ያም ሆኖ አስቀጠሉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ አይቲዩንስ ላይ መሸጥ ሲጀምር ወጣቱ እየገዛ እንደሚያየው ታወቀ፤ በቀጥታ ሲተላለፍ ያልታዩት ተመልካቾች ያሉበት ተገኘ። ዘጠኝ ምዕራፍ ሄዶ በ2013 አለቀ። ካለቀ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ አሜሪካ ውስጥ ኔትፍሊክስ ላይ 57 ቢሊዮን ደቂቃ ያህል ታየ። በ2005 ዘግተውት ቢሆን ያ ሁሉ ደቂቃ አይኖርም ነበር።

የእኛስ በኋላ የሚያየው የት አለ? አንዷን ልንገራችሁ። ስሟንም ሰፈሯንም አልጽፍም፤ ተራራ ላይ ያለ መንደር ነው። ሰባት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ከቤት አትወጣም፣ ስልክ የላትም። ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ የአገራችን ልጅ አለች፤ ሁለቱም ልብስ ሊያሰጡ ባልኮን ሲወጡ ነው የሚያወሩት። የላይኛዋ ፕሮግራማችንን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ማዳሟ ስትወጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ባልኮን ላይ ታስቀምጥላታለች። ዘጠነኛው ክፍል ትዝ ይላችኋል? ደመወዝ ሲከፈል ሁለቱም ወገን የሚፈርሙበት ደረሰኝ መኖር እንዳለበት፣ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ራስሽ ቀኑን፣ ወሩን፣ የተባልሽውን ሁሉ ጽፈሽ ያዢ ያልንበት ነው። ልጅቷ ወረቀት አልነበራትም። በሩዝ ከረጢት ላይ ያለውን ወረቀት እየቀደደች በልጆቹ እርሳስ ጻፈች። ወሩን፣ የተሰጣትን፣ ያልተሰጣትን፣ «በሚቀጥለው ወር» የተባለችበትን ቀን። በኋላ አስታራቂዎች መጥተው «ማስረጃ አለሽ ወይ?» ሲሏት ያንን አወጣች። ከሰባቱ የአምስቱን ወር ተከፈላት። ሁለቱ ቀርቷል፤ ሙሉ ድል አድርጌ ላወራላችሁ አልፈልግም። ግን ያቺ ልጅ ከ27ቱ ውስጥ የለችም። ከ22ቱም የለችም። አንድም እሑድ ተቆጥራ አታውቅም።

ይህን ታሪክ የነገረችኝ የላይኛዋ ነች፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመን። ስብሰባው ላይ መናገር ነበረብኝ። ያኔ አላወቅኩትም እንጂ።

ስለ ክምችትም ልበል። በአሜሪካ አንድ ድራማ ክፍሎቹ ወደ መቶ አካባቢ ሲደርሱ ለሌሎች ጣቢያዎች በድጋሚ እንዲታይ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሳምንት አምስት ቀን ቢታይ መቶ ክፍል ሳይደገም 20 ሳምንት ይሄዳል። ሃያ ክፍል ብቻ ያለውን ማን ይገዛዋል? በወሩ ያልቃል። ስለዚህ ሠሪው ኪሳራም ቢሆን እየጎተተ ወደዚያ ቁጥር ያደርሰዋል። «ቲል ዴዝ» የሚባል ድራማ ከ2006 እስከ 2010 ፎክስ ላይ ነበር። የሚያየው ሰው እየቀነሰ ሄዶ ማለቅ ሲገባው፣ ሠሪው ሶኒ ለጣቢያው ዋጋ ቀንሶ እንዲያስቀጥለው አደረገ፤ ለኋላ ሽያጭ የሚሆን ክፍል እንዲጠራቀምለት። 81 ክፍል ደረሰ። የቤቱን ልጅ ሆነው የተጫወቱት አራት የተለያዩ ተዋናዮች ናቸው። አንዷ ትወጣለች ሌላዋ ትገባለች፣ እናትና አባት እንዳልተለወጠ ሆነው ይቀጥላሉ። መክተብ የላከላቸውን ሠራተኛ የሚቀያይሩ ቤቶች ትዝ ብለውኝ ብቻዬን ሳቅሁ። አዲሷም በቀድሞዋ ስም ስትጠራ አይታችሁ አታውቁም?

የእኛ 31 ክፍል ደርሷል። እያንዳንዱ ተቀድቶ ተቀምጧል። ነገ ከኤርፖርት የምትወርደው ልጅ አንደኛውን ክፍል እንደ አዲስ ትሰማዋለች፤ ለእሷ ያረጀ የለም። ፓስፖርት ሲወሰድ ምን ይደረጋል የሚለው፣ ኢቃማ ማን ነው የሚያሳድሰው የሚለው፣ ደም ግፊት ያለባት ምን ትብላ የሚለው አያረጅም። ድራማችን ደግሞ ገና መሃሉ ላይ ነው፤ ልጅቷ መክተብ ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነው ያቆምናት። እዚያ ላይ ይዘጋ ማለት እዚያው ወንበር ላይ ትቅር ማለት ነው።

ታላላቆቻችን ደግሞ «ኑር»ን ያስታውሱታል። ያኔ ቤሩትም፣ ሳዑዲም፣ ኩዌትም በአረብ ቤት የነበራችሁ ሁሉ ሙሐነድን ታውቁታላችሁ። የቱርክ ድራማ ነው፣ በአገሩ ስሙ «ጉሙሽ»። ቱርክ ውስጥ ከ2005 እስከ 2007 ሲታይ የተለየ ወሬ አላስነሳም ነበር። ኤምቢሲ በሶሪያ ዓረብኛ አስተርጉሞ በ2008 ሲያሳየው መንገዱ ሁሉ ጭር እስኪል ድረስ ሰው ቤቱ ገባ። የመጨረሻውን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው አይቶታል ሲል ጣቢያው ራሱ ተናገረ፤ ጣቢያ ስለራሱ ሲናገር ትንሽ ቀነስ አድርጎ መስማት ጥሩ ቢሆንም፣ ግማሹም ቀላል አይደለም። ተመልካቹ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ አገር ነበር የሚጠብቀው። የእኛን ፕሮግራም እስካሁን ማንም ወደ ኦሮምኛ አልመለሰውም። ወደ ሲዳምኛ፣ ወደ ትግርኛም እንዲሁ። ግማሾቻችን አማርኛን እየገመትን እንደምንሰማ እያወቅን «ሰው አይሰማንም» እንላለን።

ወጪውንም አልሸሸውም። «ስፖንሰር» የሚለውን ቃል ስንሰማ ያንገሸግሸናል፣ ለእኛ ከፊል ማለት ነውና። የቴሌቪዥኑ ስፖንሰር ግን ሌላ ነው። በ2009 «ቸክ» የሚባል ድራማ ሊዘጋ ሲል፣ ወዳጆቹ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ሰብዌይ የሚባል የሳንድዊች ቤት ሄደው በአንድ ቀን ተሰልፈው ገዙ፤ ለምን እንደመጡም ጽፈው ተዉ። ሰብዌይ ከጣቢያው ጋር ተስማማና ድራማው ቀጠለ። «ፍራይደይ ናይት ላይትስ» የሚባለው ደግሞ ብዙ ሰው ሳያየው ነበር የኖረው፤ በ2008 ዳይሬክቲቪ የሚባል የሳተላይት ድርጅት ወጪውን ለመጋራት ገባ፣ መጀመሪያ እሱ ያሳያል፣ ከዚያ ኤንቢሲ። በዚያ መንገድ ሦስት ምዕራፍ ተጨመረለት። እኛስ? የፊሊፒን፣ የስሪላንካ፣ የኬንያ እህቶች ማኅበር አላቸው፤ ስለ ውልና ደመወዝ የምንለው ለእነሱም ያው ነው። የኢንተርኔቱን ግማሽ ቢሸፍኑና በየቋንቋቸው ቢያነቡት ምን ይጎድልብናል? ጠይቀን እናውቃለን? አልጠየቅንም።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልናገር፣ እኔም የአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆን። የምሟገትለት ፕሮግራም ላይ ድራማውን ከሚያነቡት አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ «የራሷ ስለሆነ ነው» የምትለኝ ብትኖር አልቆጣም። ጣቢያዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ጣቢያዎች የሚያሳዩትን ድራማ አብዛኛውን በባለቤትነት እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ ነበር፤ በ1990ዎቹ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ደካማ ድራማዎች የራሱ ኩባንያ የሠራውን ማስቀጠል የተለመደ ሆነ። የሌላውን ይዘጋል፣ የልጁን ያስታምማል። ያ መጥፎ ምክንያት ነው፤ እኛ ጋ እንዲገባ አልፈልግም። ንባቤም ጥሩ አይደለም፣ ስደነግጥ እፈጥናለሁ። መግቢያው ላይ ሰላምታው ይረዝማል፤ ለሃያ ሰው በስም ሰላም እያልን አስር ደቂቃ እንጨርሳለን፣ በዚያ አስር ደቂቃ የስንቷ ካርድ ያልቃል። ድምፁ ጄኔሬተር ሲነሣ ይጠፋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

እና ሁልጊዜ ማስቀጠል ያዋጣል ብዬም አልዋሽም። «ጄሪኮ» የሚባል ድራማ ሲቢኤስ በ2007 ሲዘጋው ወዳጆቹ ተቆጥተው ከ20 ቶን በላይ ለውዝ ለጣቢያው ላኩ። አዎ፣ የሚበላውን ለውዝ። ድራማው ውስጥ ካለ አንድ ንግግር ተነሥተው ነው። ጣቢያው ደንግጦ ሰባት ክፍል ጨመረላቸው። ሰባቱ ሲታዩ ግን ተመልካቹ በበቂ አልመጣም፣ በ2008 ጭራሽ ተዘጋ። ጣቢያው አንድ ዕድል ሰጥቶ፣ ቆጥሮ፣ ዘጋው። በዚህ ቅር አይለኝም። እኔ የምቃወመው ሳይቆጥሩ መዝጋትን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አስራ ሁለት እሑድ ይጨመርልን። ሰዓቱ ከሁለት ወደ አራት ተኩል ይዛወር፣ ሰሃን ታጥቦ ካለቀ በኋላ። ሰላምታው ሁለት ደቂቃ ይሁን። በቀጥታ ከሚተላለፈው ሌላ፣ ለየብቻው በድምፅ ተቀድቶ በሚቀጥለው ቀን ይላክ፤ ቪዲዮ ካርድ ይበላል፣ ድምፅ ብዙ አይበላም። ገንዘብ ያዧ እህታችን ደብተሩን ትያዝ፤ እሷ ከቆጠረች እኔ አምናለሁ። አስራ ሁለቱ ካለቀ በኋላም በዚህ አቆጣጠር 27 ከሆንን፣ መጀመሪያ «ይዘጋ» ብዬ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ።

የምንቆጥረውም እንዲህ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። ስትመጡ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ኑ፦ ድምፁን ለስንት ልጅ ትልኪያለሽ? ስንቷ በአንቺ ስልክ ትሰማለች? በመስኮት፣ በባልኮን፣ በደረጃ የምታሰሚያት አለች? ስም አትጻፉ፣ ሰፈር አትጻፉ፣ ቁጥር ብቻ። መምጣት የማትችል በምታምናት ልጅ ትላክልን። የላይኛው ፎቅ ልጅ የራሷን ሰጥታኛለች፤ «ሦስት» ይላል፣ አንዷ የስሪላንካ ልጅ ነች፣ አማርኛ ባይገባትም ድራማው ላይ ስናለቅስ አብራ ታለቅሳለች አለችኝ።